7 ሜትር ቁልቁል፦ ሐዋሳ ላይ ሰበቃና የአየር ድራግ የመለካት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ድራግ ማለት አየር ወይም ፈሳሽ በውስጡ የሚያልፈውን ነገር ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል ነው። ቦታው አንድ ጂ+2 ሕንፃ ውስጥ፣ በደረጃው መሃል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ከላይኛው ሃንድሬል እስከ ወለሉ 7.31 ሜትር። መልቀቂያውን በጣውላ ዝቅ አድርገን 7.00 ላይ አሰርነው፤ ሒሳቡ እንዲቀል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። የተለካው በብረት ሜትር ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሎ ሲጎተት ይለጠጣል። ማረፊያው ነጥብ በግንበኛ ቱንቢ ተገኝቶ በጠመኔ ተሰመረ።

የሚወድቀው ዕቃ የኬክ ወረቀት ነው፣ ያ ዙሪያው የተሸበሸበ ትንሽ ኩባያ፤ 100 ፍሬ በ120 ብር። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አንዱን በሌላው ውስጥ ሲከቱት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቅርጹና ስፋቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ክብደትን ብቻ ለይቶ መቀየር የሚቻልበት ከዚህ የረከሰ ዕቃ አላገኘንም።

ሚዛን፦ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን፣ 1,400 ብር። አንድ ወረቀት ብቻውን ሲመዘን አንዴ 0.35፣ አንዴ 0.38 ይላል፤ ሊታመን አይችልም። አሥሩን አንድ ላይ ስንመዝን 3.60 ግራም፣ ስለዚህ አንዱ 0.36። ካፊያ በነበረበት ጠዋት እነዚያው አሥር ወረቀቶች 3.74 ሆኑ፤ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይመዘናል።

ከማሸጊያው የወጣው ወረቀት የአፉ ስፋት አንዱ ከሌላው ይለያያል። ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ቂጥ ላይ እየደፋን አፋቸውን 70 ሚ.ሜ አስተካከልን።

የመጀመሪያው ሙከራ በእጅ ስቶፕዎች ነበር፦ 5.0፣ 5.3፣ 5.1፣ 5.2 ሰከንድ። ለአንድ ወረቀት ይህ አያሳፍርም፤ የእጅ ስህተት 0.1 ወይም 0.2 ሰከንድ ቢሆን ከ5 ሰከንድ ውስጥ ጥቂት ነው። 1.2 ሰከንድ ለሚፈጅ ኳስ ግን ዋጋ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ የታችኛው በር ቢዘጋም በደረጃው ውስጥ አየር ወደ ላይ ይሳባል፤ ወረቀቱ ግድግዳ እየላሰ ይወርዳል። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ተብሎ ተወሰነ።

ሳምንት 2

ስቶፕዎቹን በስልክ ስሎ ሞሽን ተካን። ስልኩ በሜኑው ላይ 240 እና 960 ፍሬም በሰከንድ ይላል። 960ው እውነተኛ አይደለም። አንድ ኤልኢዲ በአርዱይኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በሰከንድ 100 ጊዜ እንዲበራና እንዲጠፋ አድርገን ስንቀርጸው፣ ከእያንዳንዱ እውነተኛ ምስል በኋላ ሶስቱ ስልኩ ራሱ እየገመተ የሞላቸው ሆነው ተገኙ። 240ው ትክክል ነው። በ240 አንድ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ነው።

አምፖል አጥፉ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዓይን አይታይም፣ በ240 ፍሬም ግን ቪዲዮው ይጨልማል፣ ይበራል። የቀን ብርሃን ይሻላል።

ካሜራው የሚያየው የመጨረሻውን 1.5 ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ በየ10 ሳ.ሜ ጥቁር ቴፕ ለጠፍን፣ በዚያ ላይ ፍጥነቱን አነበብን፦ አንድ ወረቀት 1.73 ሜትር በሰከንድ።

ቁጥሩን፣ አየሩ ዕቃውን በቅርጹ ምክንያት ምን ያህል እንደሚይዘው ወደሚያሳየው ቀመር አስገባነው፦

የድራግ ቁጥር = 2 × መጠነ ቁስ × 9.78 ÷ (የአየር እፍጋት × የአፍ ስፋት በካሬ ሜትር × የፍጥነት ካሬ)

ወጣ፦ 0.51። ይህ ለኳስ የቀረበ ቁጥር ነው። አፉ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ጠፍጣፋ ቂጡን አስቀድሞ ለሚወርድ ኩባያ ወደ 1 መጠጋት አለበት። የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

ደግሞም ስቶፕዎቹ ራሱ እየተቃወመን ነበር፤ 7 ሜትር በ5.15 ሰከንድ የወረደ ነገር 1.73 ሊሄድ አይችልም። ይህን ለማየት ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሁለቱ ቁጥሮች የተጻፉት በተለያየ ገጽ ላይ ነበር።

ስህተቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ካሜራው ከግድግዳው 4.0 ሜትር ይርቃል፤ ወረቀቱ የሚወርደው ከግድግዳው 0.8 ሜትር ወደ ካሜራው ቀርቦ ነው። ለካሜራው የቀረበ ነገር ከኋላው ባለው ምልክት ላይ የሄደው ርቀት ተለጥጦ ይታያል፤ እዚህ ላይ 4.0 ÷ 3.2፣ ማለትም 1.25 ጊዜ። 1.73ን ለ1.25 ሲያካፍሉት 1.38። ፍጥነቱ በቀመሩ ውስጥ ካሬ ስለሚሆን 25 በመቶ የነበረው ስህተት 56 በመቶ ሆኖ ይገባል።

መፍትሔው ምልክቱን ወረቀቱ በሚወርድበት መስመር ላይ ማድረግ ነው። በየ10 ሳ.ሜ ቴፕ የተጠቀለለበት ገመድ በቱንቢው ቦታ ይንጠለጠላል፣ አንዴ ይቀረጻል፣ ገመዱ ይነሳል፣ ስልኩ ግን ንቅንቅ አይልም። ስልኩ ከተነካ ገመዱ እንደገና ይንጠለጠላል። በዚህ መንገድ በቀጥታ 1.38 አነበብን።

አዲሱ የድራግ ቁጥር 0.81። ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ያንሳል።

ሳምንት 3

0.81ን ያመጣው የአየሩ እፍጋት ነው። እፍጋቱን ያሰላነው የአየር ሁኔታ አፕ ከሚያሳየው ግፊት ነበር፣ 1015 ሄክቶፓስካል። ይህ ቁጥር ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው፤ የየከተማው ግፊት በአንድ ካርታ ላይ እንዲነጻጸር ይደረጋል እንጂ ሐዋሳ ላይ የምንተነፍሰው አየር ግፊት አይደለም። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ባሮሜትር ባለው ስልክ በቀጥታ ስናነብ 829 አገኘን።

እፍጋት = ግፊት ÷ (287 × ሙቀት በኬልቪን)። 82,900 ÷ (287 × 297) = 0.973። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ትንሽ ስለሚያቀለው 0.965 ያዝን። በአፑ ቁጥር ግን 1.19 ነበር የተጠቀምነው።

በ0.965 የድራግ ቁጥሩ 1.00 ሆነ። ሁለቱም ስህተቶች ቁጥሩን ወደ ታች ነበር የሚጎትቱት፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ቢሆኑ ኖሮ ተጣፍተው ሳናያቸው እናልፍ ነበር።

መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው 1.225 የባሕር ወለልና የ15 ዲግሪ ቁጥር ነው። እዚህ አገር ደጋ ላይ ሆኖ እሱን መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው።

አሁን በተደራረቡ ወረቀቶች፣ እያንዳንዱ የ5 ሙከራ አማካይ (ሜትር በሰከንድ)፦

1 ወረቀት፦ 1.38
2 ወረቀት፦ 1.94
4 ወረቀት፦ 2.74
6 ወረቀት፦ 3.34
9 ወረቀት፦ 4.05

ክብደቱ 4 ጊዜ ሲበዛ ፍጥነቱ 2 ጊዜ ብቻ። የፍጥነቱን ካሬ ለወረቀቱ ብዛት ሲያካፍሉ 1.90፣ 1.88፣ 1.88፣ 1.86፣ 1.82። የመጨረሻው ወረድ ማለቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ዘጠኝ ወረቀት ሲደራረብ ውስጠኞቹ የውጪውን አፍ ገፍተው ይከፍቱታል። ስንለካው 71.5 ሚ.ሜ ሆኗል፤ ስፋቱ በካሬ ሜትር ሲሰላ 4 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የውጪውን አፍ በቀጭን የቴፕ ቀለበት ከማሰር ይልቅ ከ6 በላይ መደራረብ ተውን።

ከመለካት በፊት ዕቃው የመጨረሻ ፍጥነቱ ላይ (ድራጉ ክብደቱን አክሎ ፍጥነቱ መጨመር የሚያቆምበት) መድረሱን ማረጋገጫ፦ የመጨረሻ ፍጥነቱን ካሬ ለ5 ማካፈል። የሚወጣው ቁጥር 99 በመቶው ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው የሜትር ርቀት ነው። አንድ ወረቀት 0.4 ሜትር፣ አራት ወረቀት 1.5 ሜትር፣ ዘጠኝ 3.3 ሜትር። አሥራ ስድስት ወረቀት 6 ሜትር ይፈልጋል፣ የኛ ካሜራ ደግሞ ከ5.5 ሜትር በኋላ ማየት ይጀምራል፣ ስለዚህ አይሆንም። ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ ቆሞ ዘጠኝ ወረቀት እየጣሉ «የመጨረሻ ፍጥነት» ብሎ መጻፍ በዚህ ሒሳብ ውድቅ ነው።

ሳምንት 4

ወረቀቱ ሲወርድ ከመስመሩ እየወጣ ከአምስት ቪዲዮ ሁለቱ ብቻ ይጠቅሙ ነበር። ሐሳቡ መሪ ገመድ መወጠር ሆነ። ከአሞራ ገደል (የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ) አካባቢ 0.30 ሚ.ሜ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ተገዛ፣ 60 ብር። ከላይ ታስሮ ከታች 1 ኪሎ ድንጋይ ተንጠለጠለበት፤ የወረቀቱ ቂጥ መሃል ላይ በትኩስ መርፌ ተበሳ።

ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሲያዩት ያምራል። ፍጥነቶቹ ግን፦ 1 ወረቀት 1.24፣ 2 ወረቀት 1.85፣ 4 ወረቀት 2.69፣ 6 ወረቀት 3.32።

ስድስቱ ከበፊቱ ብዙም አልራቀም፤ አንዱ ግን 10 በመቶ ቀነሰ። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው አንድ አድርጎ የሚያያቸውን ሁለት ነገሮች ይለያቸዋል። ድራግ ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፣ በቆመ ነገር ላይ ዜሮ ነው። ናይሎኑ ላይ የሚታሸው ቀዳዳ የሚፈጥረው ሰበቃ ግን ፍጥነት አይጠይቅም፤ ቢዘገይም ቢፈጥንም ያችኑ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ቀላሉን ክፉኛ ይጎዳዋል፣ ከባዱ ግን እምብዛም አይሰማውም።

በግራፍ ላይ ማየት ይቀላል። አግድሙ ክብደት በግራም፣ ሽቅቡ የፍጥነት ካሬ ይሁን። ያለ ናይሎን መስመሩ ከዜሮ ይነሳል። ከናይሎን ጋር መስመሩ ያንኑ ተዳፋት ይዞ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ አግድሙን የሚቆርጠው 0.07 ግራም ላይ ነው። ከ0.07 ግራም የሚያንስ ነገር በዚያ ናይሎን ላይ ቢሰቀል ጭራሽ አይወርድም ማለት ነው። ተዳፋቱ ከተለወጠ ግን ጥፋቱ በስፋት፣ በእፍጋት ወይም በካሜራ በኩል ነው፤ ሰበቃውን አትጠርጥሩ። ከዚህ ወዲያ መሣሪያችን ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ይህን ግራፍ ነው።

ሰበቃውን ለመቀነስ የተሞከረው፦

የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት፦ ባሰበት። ወረቀቱ ዘይቱን ጠጥቶ ከበደ፣ ናይሎኑ ላይ አቧራ ተጣበቀ፣ ቀዳዳው ዳር ላሸቀ። አንድ ጥቅል ናይሎን ተጣለ።

የእርሳስ ብናኝ፦ 0.07 ወደ 0.05 ወረደ፣ ከአሥር ሙከራ በኋላ ግን ተመለሰ።

የስትሮ ቁራጭ 8 ሚ.ሜ ቀዳዳው ላይ ማጣበቅ፦ መንገዳገዱ ቀነሰ፣ ግን ስትሮውና ሙጫው 0.06 ግራም ጨመሩ፣ የአንዱን ወረቀት ስድስተኛ።

ድንጋዩን 3 ኪሎ ማድረግ፦ ለውጥ የለም። ሰበቃው የሚመጣው ወረቀቱ ወደ ጎን ዘምበል ብሎ ናይሎኑን ሲደገፍ ስለሆነ የናይሎኑ መወጠር አያድነውም።

ናይሎኑ ወጣ። በምትኩ የታችኛውን በር ስንጥቅ በጨርቅ ወትፎ፣ ሰው ሁሉ ከደረጃው ተነስቶ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ መልቀቅ። ከአምስት ቪዲዮ አራቱ ደህና ሆኑ። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ሳምንት 5 እና 6

ኳስ። ለኳስ ካሜራ አይበቃም፤ የመልቀቂያና የማረፊያ ጊዜ በሚሊ ሰከንድ መታወቅ አለበት። ኤሌክትሮማግኔት ከላይ፣ ከታች ደግሞ በሸክላ ንጣፍ ሥር የተለጠፈ ፒዬዞ (ሲመታ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቀጭን ሰሃን)፣ መሃል ላይ አርዱይኖ። አርዱይኖው ከአዲስ አበባ ተልኮ 1,800 ብር፤ ፒዬዞው ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ የወጣ። ኮይሉ ሞተር ከሚጠቀልሉ ሰዎች በተገዛ 0.4 ሚ.ሜ ሽቦ 400 ዙር፣ 150 ብር። ከ5 ቮልት ጋር 10 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስታንስ በተከታታይ ገባ፤ ያለዚያ ኮይሉ ከ2 ደቂቃ በኋላ እጅ ያቃጥላል። ማብሪያ ማጥፊያው ቲአይፒ120 ትራንዚስተር።

የመጀመሪያው ትራንዚስተር በአራተኛው ልቀቅ ሞተ። ኮይሉ ሲጠፋ መልሶ የሚተፋውን ቮልቴጅ የሚያሳልፍ ዳዮድ አልነበረም። 1ኤን4007 በኮይሉ ሁለት ጫፎች መካከል፣ ነጩ ቀለበት ወደ ፖዘቲቭ። 10 ብር።

መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ሞከርን። ማግኔቱ እንደጠፋ አርዱይኖው የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ፓወር ባንኩ «ሥራ የለም» ብሎ ራሱን ይዘጋል። ከውጤቱ በፊት ካልዘጋ ችግር የለውም፤ የኛው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው የሚዘጋው።

መለኪያ እንዲሆን የተመረጠው ከአሮጌ የሞተር ኩሽኔታ የወጣ 20 ሚ.ሜ የብረት ኳስ ነው፣ 32.7 ግራም። ኩሽኔታ ሲሰበር በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መነጽር ተደርጎ ነው፤ የጠነከረ ብረት ሲፈነዳ ስንጥሩ እንደ ጥይት ይወጣል። ያለ አየር 7 ሜትር 1.197 ሰከንድ ይፈጃል፣ ለዚህ ኳስ አየሩ የሚጨምረው 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ፣ ስለዚህ 1.200 መውጣት አለበት።

የወጣው፦ 1.214፣ 1.231፣ 1.222፣ 1.209። ረዝሟል፣ በዚያ ላይ ይዋዥቃል። ኮይሉ የተጠቀለለበት የመኪና ቡሎን ጠንካራ ብረት በመሆኑ ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላም መግነጢሱን ይዞ ይቆያል፣ ኳሱም እንዲሁ። ቡሎኑን አውጥተን በ8 ሚ.ሜ ለስላሳ ፌሮ ተካነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ድርብ የወረቀት ቴፕ ተለጠፈ፣ ኳሱ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ። አሁን 1.201፣ 1.200፣ 1.202፣ 1.200።

አርዱይኖ ለሌለው ሰው፦ የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል፣ የመልቀቂያው ቀጭታና የማረፊያው ድምፅ በሞገዱ ላይ ይታያሉ። ስልኩን ላይ ብታስቀምጡ የማረፊያው ድምፅ 7 ሜትር ለመውጣት 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ታች ብታስቀምጡም ያው በተቃራኒው። ልክ መሃል፣ 3.5 ሜትር ላይ ይንጠልጠል፤ ሁለቱም ድምፆች እኩል ስለሚዘገዩ ስህተቱ ይጣፋል።

የፒንግ ፖንግ ኳስ፦ 40 ሚ.ሜ፣ 2.7 ግራም። የረከሱት ከ2.3 ግራም በታች ሆነው ተገኙ፣ ስለዚህ ሳትመዝኑ አትመኑ። ማግኔቱ እንዲይዘው አንድ የስቴፕለር ሽቦ በሙጫ ተለጠፈ። አማካይ 1.34 ሰከንድ፣ የድራግ ቁጥር 0.45። የዚህ ኳስ የመጨረሻ ፍጥነት ሐዋሳ ላይ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ካሬውን ለ5 ስናካፍል 19 ሜትር። 7 ሜትራችን አይደርስበትም፤ መሬት ሲነካ ገና 8.6 ላይ ነው፣ ገና እየጨመረ። ስለዚህ ከኳስ የመጨረሻ ፍጥነት አይለካም፣ ከጠቅላላው ጊዜ ወደ ኋላ ይሰላል።

ያንኑ ኳስ በሲሪንጅ ውሃ ሞላነው፣ ቀዳዳው በሱፐር ግሉ ተደፈነ፣ በስቴፕለሩ ፈንታ ትንሽ ሮንዴላ፦ 34 ግራም። አንድ ጠብታ አየር እንኳ ከቀረ ውሃው ይናጣል፣ ኳሱ ይሽከረከራል። ጊዜው 1.21። መጠኑ ያው፣ ልሙጥነቱ ያው፣ አየሩ ያው፤ ክብደት ብቻ ተለውጦ 0.13 ሰከንድ። «ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል» የሚለው እዚህ ላይ እውነት ነው፣ አየር እስካለ ድረስ። አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ የአፖሎ 15ቱ ዴቪድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1971 መዶሻና ላባ ለቆ እኩል ሲያርፉ አሳይቷል። የኛ የውሃ ኳስ በሦስተኛው ልቀቅ ሸክላው ላይ ፈነዳ፣ ፒዬዞው ረጠበ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ።

ሳምንት 7

ድራግ ከፍጥነት ካሬ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚያድግበትን ሁኔታ ለማየት ወፍራም ፈሳሽ ያስፈልጋል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ቀመር የሚሠራው እዚያ ነው።

ማር መጀመሪያ ተሞከረ፣ ቤት ውስጥ ስላለ። ይረጋል፣ አረፋ አለው፣ ላይኛውና ታችኛው ውፍረቱ ይለያያል። ሻምፑም አይሆንም፤ ሲነካኩት ይቀጥናል። ግሊሰሪን ከፋርማሲ፣ 100 ሚ.ሊ በ90 ብር፣ 12 ጠርሙስ። ውስጡ 50 ሚ.ሜ የሆነ ግልጽ ቱቦ 60 ሳ.ሜ ለመሙላት 1.2 ሊትር ገባ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከአርዱይኖና ከሚዛን ቀጥሎ ውዱ ነገር ይህ ነው።

ኳሶቹ ከብስክሌት ጠጋኝ፦ የኋላ ጎማ 6.35 ሚ.ሜ፣ የፊት ጎማ 4.76፣ የመሪ 3.97። ሐዋሳ ላይ የብስክሌት ኩሽኔታ ኳስ የሚቸገር የለም፤ እፍኝ ሙሉ በ20 ብር። ግሪሱን በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና ማጠብ፤ ግሪስ የቀረበት ኳስ አረፋ ይዞ ይወርዳል። መልቀቅ በፒንሳ ከግሊሰሪኑ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ከላይ ከተጣለ አየር ይዞ ይገባል።

የ3.97ቱ ኳስ መሃል ላይ ያለውን 40 ሳ.ሜ በ25 ዲግሪ በ7.2 ሰከንድ ወረደ። ቀመሩ ለንጹሕ ግሊሰሪን 6.6 ይላል። ቶሎ የሚለው ቀመሩ ቱቦውን ስለማያውቅ ነው፤ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ኳሱ የገፋው ፈሳሽ በጎን መመለስ ስላለበት ኳሱን ያዘገየዋል። የኳሱ ስፋት ከቱቦው 8 በመቶ ሲሆን ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ተስተካክሎ ወደ 8 ሰከንድ መሆን ነበረበት፣ እኛ ግን 7.2። ቀሪውን ልዩነት የሚያመጣው ግሊሰሪኑ ውስጥ ያለ ትንሽ ውሃ ነው፤ 1 በመቶ ውሃ ብቻ ውፍረቱን ከአንድ ስድስተኛ በላይ ይቀንሰዋል።

የ6.35ቱ ኳስ ከቀመሩ ክልል ወጥቷል። ፍጥነቱ ስለሚበዛ ከኋላው ያለው ፈሳሽ በዝግታ አይገጥምም፤ ስቶክስን ለእሱ አትጠቀሙ። የመሪውና የፊቱ ይበቃሉ።

ሙቀት ከሁሉ ይከፋል። የግሊሰሪን ውፍረት በ20 ዲግሪ 1.41፣ በ25 ዲግሪ 0.93፣ በ30 ዲግሪ 0.61 ፓስካል ሰከንድ ነው። ጠዋት ተጀምሮ ቀትር ላይ የተጨረሰ መለኪያ ሁለት የተለያየ ፈሳሽ እንደ መለካት ነው። ቴርሞሜትሩ ቱቦው ውስጥ ይቀመጥ፣ ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ቱቦው ከክፍሉ ወደ ኋላ ይዘገያል።

ቱቦው አፉ ክፍት ሆኖ ለአንድ ሳምንት ተቀመጠ። ያው ኳስ፣ ያው 25 ዲግሪ፦ 6.0 ሰከንድ። ግሊሰሪን ከአየር ውሃ ይስባል። አሁን አፉ በላስቲክና በጎማ ታስሯል፣ ታች የተጠራቀሙት ኳሶች ቱቦው ሳይከፈት በማግኔት ከውጭ በኩል ወደ ላይ ይሳባሉ።